አራቱም ሞቅ ብሏቸዋል

ሐምሌ 27

በርጩማዬን ተቀማሁ። በገዛ ቤቴ! ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሰው ለመሬት ሲካሰስ እያየሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ አሁን ለበርጩማ ክስ ልመሥርት?

ተከሳሽ ማሂ ናት፣ የእህቴ ልጅ። ከአምና ጀምሮ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። የቤዝ ጊታሯን አምፕሊፋየር ጎልታበታለች።

«ጋሼ፣ መሬት ላይ ሲሆን ድምፁ ይታፈናል።»

«እኔስ መሬት ላይ ስቀመጥ አልታፈንም?»

«አንተን ማን አፍኖህ ያውቃል!»

በርጩማው ደግሞ ተራ በርጩማ አይደለም። የነፍስ አባቴ አባ ተስፋሚካኤል ሲመጡ የሚቀመጡት እሱ ላይ ብቻ ነው። ሶፋው ያሰምጠኛል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔንም ያሰምጠኛል።

ሐምሌ 28

የማሂ አምፕሊፋየር ጨሰ፣ ሸተተ፣ ሞተ። በርጩማዬ ተመለሰ ብዬ ልደሰት ስል ልጅቷን አየኋት... ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ለካ ነገሩ ከባድ ነው። ፍሰሐ የሚባል ሰው የሙዚቃ ባንዱ ውስጥ ለሙከራ አስገብቷታል። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ፣ ነሐሴ 16 ማታ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ። ጥሩ ከሆነች ትቀራለች። ካልሆነች ሌላ ቤዝ የሚመታ ልጅ ተዘጋጅቷል። ይህን ዕድል ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

«ሌላ አምፕሊፋየር አንተ ምረጥልኝ ጋሼ። አንተ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ እንዴ? የማውቀው ሬዲዮ እየፈታሁ የተማርኩትን ነው። መልሼ ያልገጠምኳቸውን ግን አትጠይቁኝ።

ሐምሌ 30

ሜክሲኮ፣ ሚደቅሳ ሱቅ ሄድን። ሚደቅሳ የድሮ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ሁለት አወጣልን፤ ሁለቱም ባለ ቫልቭ። ቫልቭ ማለት ያ የጥንት ሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንደ ፍም የሚበራው መስታወት ነው። ማሂ «አምፖል» ነው የምትለው። ብነግራት፣ ብነግራት...

አንዱ ትንሽ፣ ቆንጆ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። የድምፁን ጉልበት የሚሰጡት ሁለት ቀጫጭን ቫልቮች ናቸው፤ ኢኤል ሰማንያ አራት ይባላሉ። ሌላው አራት ወፋፍራም ቫልቮች የተሸከመ አውሬ ነው። የእሱ ኬቲ ሰማንያ ስምንት ይባላሉ።

«ታዲያ በሰማንያ አራትና በሰማንያ ስምንት መሃል ልዩነቱ አራት ብቻ አይደል?» አለች ማሂ።

ሚደቅሳ ሳቀ። «አንሺውና ንገሪኛ!»

ሞከረች። አልተነቃነቀም። እኔ ደግሞ ቤቴ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ፣ ወገቤ... ሚደቅሳ ሁለቱንም ወስዳችሁ ሞክሩ አለ። እንዴት ያለ ክፉ ደግ ሰው ነው! «ሁለቱ ቀጫጭኖች የቤት ናቸው፣ አራቱ ወፍራሞች የአዳራሽ ናቸው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። አልሰማሁም። ማለቴ፣ ሰምቻለሁ...

ነሐሴ 2

ዛሬ ፈተና አደረግን። ሁለቱንም በአንሶላ ሸፈንኳቸው። ማሂ ወደ ግድግዳ ዞራ ትመታለች፣ እኔ ገመዱን አቀያይራለሁ፣ የቱ እንደሚሻል ትናገራለች። ንጹሕ ዳኝነት!

ንጹሕ ነው? ትንሹ ተራው ሲደርስ ድምፁን ቅንጣት ታህል ከፍ አደረግኩለት። ጆሮ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ጎላ ያለው ሁሌ የሚጣፍጥ ይመስለዋል። ለምን አደረግኩት? ትልቁ ለልምምድ ይውረድ፣ ይውጣ፣ ይውረድ... ማን ሊሸከም?

«ሁለተኛው ጋሼ! ሁለተኛው ይሻላል!»

አንሶላውን ገለጥኩ። ትንሹ! በጣም የተደነቅሁ መሰልኩ።

ነሐሴ 7

ከልምምድ ስትመጣ ቀጥታ ገብታ ተኛች። ሽሮዋንም አልበላችም። በኋላ ነው የተነፈሰችው።

ከበሮው ሲነሳ ድምፏ ጠፋ። ከፍ ስታደርገው ደግሞ ተሰነጣጠቀ፣ እንደ ተቀደደ ላስቲክ። ፍሰሐ ሙዚቃውን አስቁሞ፣ «ቤዝ የሰማ እጁን ያውጣ» አለ። ማንም አላወጣም። 16 ላይም እንዲህ ከሆነ ያኛውን ልጅ እጠራለሁ ብሏታል።

«ጣቴ ነው መሰለኝ ጋሼ። ጣቴ ደካማ ነው።»

ጣቷ! የኔ ወገብ እንጂ!

ነሐሴ 8

ነገርኳት። አንሶላውንም፣ ያቺን ቅንጣትም።

ትራሱን ወረወረችብኝ። ሳቀች ማለት ነው? ግማሹን ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ! ራሴን ልጠላ ነበር እኮ!»

ይቺ ግን ገባችብኝ።

ስለዚህ በሥርዓቱ አስረዳኋት። ዋቱ እጥፍ ቢሆን ጩኸቱ እጥፍ አይሆንም። ትልልቆቹ ቫልቮች የሚጠቅሙት ለጩኸት ሳይሆን ሳይጨነቁ ለመሸከም ነው። ቤዝ ደግሞ ከባድ ሸክም ነው። ትንሹ ለክፍል ውስጥ ጌታ ነው፣ ከበሮ አጠገብ ግን ያልቅበታል። ዛሬ ትንሹን ለሚደቅሳ መለስን። አውሬው በርጩማዬ ላይ ወጣ። በርጩማዬ ጠንካራ ነው፣ አልጮኸም። እኔ ነኝ የጮህኩት፣ በአንድ ጫፍ አንስቼው ነበር።

ነሐሴ 12

አንደኛው ቫልቭ ሲበራ ከሌሎቹ ይዘገያል። ሰጋሁ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ደረጃው ላይ ወጥቼ ለሚደቅሳ ደወልኩ።

«ሞቁ?» አለኝ።

«አራቱም ሞቅ ብሏቸዋል። አንደኛው ዘግይቶ ነበር፣ አሁን ግን እንደ ጓደኞቹ ሆኗል።»

«ተዋቸው ትንሽ ይቆዩ።»

«እነሱስ ይቆያሉ። ማሂ ትንሽ ከጨመረችላቸው ግን ቤቱን ይነቀንቁታል!»

ዘወር ስል ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ጎረቤቴ፣ በራቸው ላይ ቆመዋል። ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ገቡ። ሰላምም አላሉኝ። ምን ሆኑ?

ነሐሴ 13

ገባኝ! ደረጃ ላይ አገኙኝ።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ጾመ ፍልሰታ ነው እኮ።»

«እየጾምን ነው እትዬ ወለተሰንበት።»

«እንግዶችዎም ይጾማሉ? እነዚያ አራቱ?»

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ያስረዳ ነበር። «እትዬ፣ ቫልቭ ናቸው» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን...

«እነሱ እህል የሚባል አይቀምሱም» አልኩ። «ሞቅ ካላቸው ይበቃቸዋል። ዛሬም ማታ ይደገማል።»

አማተቡ። እኔ ደግሞ ሳቄን ይዤ እስከ ታች ወረድኩ። ማሂ ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ መጠጥ ቀጂ አደረግኸኝ እኮ!» አለች። እውነትም... ነገ አስረዳቸዋለሁ።

ነሐሴ 15

አላስረዳሁም። ሲያዩኝ በራቸውን ይዘጋሉ፣ በተዘጋ በር እንዴት ይነገራል?

ነሐሴ 16

ዛሬ ነው። ጾም ተፈታ፣ ዶሮው ቀርቧል፣ ማሂ አልበላችም። እኔም አልበላሁም ብል ውሸት ነው። ግን አንድ ብልት ብቻ።

ነሐሴ 17

አዳራሹ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ከበሮው ሲጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ መጣ... በጆሮዬ አይደለም፣ በጫማዬ ሶል ነው የመጣው። ወፍራም፣ ሙሉ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው። አራቱ ከኋላዋ እንደ ፍም በርተዋል። ምንም አልጨነቃቸው። ማሂም አልጨነቃት። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትመታ ያየኋት ገና ትናንት ነው።

ሲያልቅ ፍሰሐ መጣ። ደረቱን እየዳበሰ፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጋ ነው እኮ የመታሽኝ» አላት። «ከመስከረም ጀምሮ እኛ ጋ ነሽ።» ያኛው ልጅ አልተጠራም።

አውሬውን አራተኛ ፎቅ ድረስ እያረፍን መለስነው። ወገቤ እንደ ፈራሁት ነው። ግን ዛሬ ጠዋት ማሂ ልታወርደው ስትል፣ «በርጩማው ላይ ይቆይ፣ እኔ ሶፋው ላይ ልስጠም» አልኳት። እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት! አሁን አብርታዋለች፣ ቀስ ብላ እየመታች ነው፣ እየሰማሁ እጽፋለሁ...

በር ተንኳኳ። ማን ይሆን?

በቀዳዳው አይቼ ተመለስኩ። ጉድ! አባ ተስፋሚካኤል ናቸው፣ መስቀላቸውን ይዘው። ፊታቸው ተኮሳትሯል። ከኋላቸው የወይዘሮ ወለተሰንበት ነጠላ ይታያል።

«ዓባይነህ! ክፈት! እነዚያን አራት ሰካራሞች ላናግራቸው ነው የመጣሁት!»

ልከፍት ነው። ግን አባን የት ላስቀምጣቸው? በርጩማቸው ላይ ሰካራሞቹ ተቀምጠዋል።