ከአንገት በላይ

ውድ አዘጋጅ፣

«ውድ» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልህ። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ የሚወደድ ማለት ነው፣ ሌላው ዋጋው የማይቀመስ። እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው። ካንተ ጋር መወዳጀት ውድ ሆኖብኛል።

ትናንት የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ተውኔቱ ዘንድሮ በድጋሚ ሊታይ ነው፣ እንኳን ደስ አለን፣ ፖስተሩ ላይ ቀኑን ብቻ ለውጪልኝ፣ የልምምድ ጊዜ ንድፎችሽን ደግሞ ከነደብተሩ ላኪልኝና አዳራሹ መግቢያ ላይ መስታወት ውስጥ አስገብተን እናሳያቸው ብለሃል። መጨረሻ ላይ «ትንሽ ነገር ናት፣ ላንቺ እጅ ምን አላት» ብለህ ሁለት የሚስቁ ፊቶች ጨምረህበታል። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩና ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። ልደውልልህ አስቤም ነበር፤ ነገር ግን በስልክ አንተን የሚረታ ገና አልተወለደም። ተዋንያኑ ከኋላህ «አፈ ቅቤ» ሲሉህ የተረቱን ግማሽ የሚተዉት ለጨዋነት ነው። ወረቀት ላይ ግን መሀል ገብተህ «ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ» ማለት አትችልም።

ሥራዬን ታውቃለህ። ከጎሚስታው በላይ ባለችው ክፍሌ፣ ከታች መጭመቂያው ጎማ እየነፋ ወለሉን ሲያንቀጠቅጥ፣ ለባንዶች የአልበም ሽፋን፣ ለቴአትር ፖስተር እየሣልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ከበሮ መቺው «ክንዴን ትንሽ አወፍሪልኝ» ሲለኝ አወፍርለታለሁ። ጊታር ተጫዋቹ «ከድምፃዊው እኩል አቁሚኝ» ይለኛል፤ ድምፃዊው ደግሞ ተደብቆ ይደውልና «እኩል እንዳታቆሚው» ይለኛል፤ ሁለቱንም እሺ ብዬ አንዱን አስቀምጠዋለሁ። በዚህ ተቆጥቼ አላውቅም፣ የሥራው ጠባይ ነው።

አንተ ግን እንደነሱ አልነበርክም። ፎቶ ልከህልኝ አታውቅም። «መጥተሽ ተቀመጪ፣ እዪ፣ ከዚያ ሣዪ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው፣ የእጅ ማሳረፊያው የተነቀለው ወንበር የኔ ሆነ። ሦስት ልምምድ አያለሁ፣ ሦስት ገጽ እነድፋለሁ፣ በየገጹ ጥግ ላይ ያኔ ከመድረክ የሰማሁትን ቃል እጽፋለሁ። ከሦስቱ አንዱ ፖስተር ይሆናል። አሥራ አንድ ፖስተር በዚህ መንገድ ሠርተናል። እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር የምወድህ። አንድም ቀን ነግሬህ አላውቅም፤ ይኸው አሁን፣ በማይሆን ሰዓት ነገርኩህ።

ያለፈው ዓመት ተውኔት ቤቷን ልትሸጥ ስለተገደደች እናት ነበር። እናቲቱን የያዙት እትዬ ናቸው፤ አርባ ዓመት መድረክ ላይ የቆሙት፣ አንተን ራስህን ገና ጢም ሳታበቅል «ድምፅህን ከጉሮሮህ ሳይሆን ከሆድህ አውጣው» እያሉ ያሠለጠኑህ እትዬ። ልምምዱን ሳይ እርሳሴ እምቢ አለኝ፤ አንዲት ነገር ብቻ እየመረጠ ይሄድብኛል። እትዬ በንግግራቸው መሀል ድንገት ዝም ይሉና ተነሥተው ወደ መስኮቱ ያመራሉ። የመጋረጃውን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ይይዛሉ፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ ያስተካክላሉ፣ አንገታቸው ዞሮ የጎኑ ጅማት ብቅ ይላል። ከዚያ ተመልሰው ይናገራሉ፣ ሲናገሩም የተናገሩት ሁሉ እውነት ይመስላል። ሦስቱንም ገጽ በዚያች ቅጽበት ሞላሁት።

ንድፎቹን ለማየት ክፍሌ የመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሦስቱን ጎን ለጎን ደረደርካቸው።

«እዚህ ላይ ገዢው ወረቀቱን ሲዘረጋ ነው» አልክ። «እዚህ ላይ ልጅቷ ስታለቅስ። ይኼ ደግሞ ጎረቤቷ በር ሲያንኳኳ። ሦስቱም ሌላ ሌላ ቦታ ነው።»

«ምን ችግር አለው? ያምራል እኮ!»

«ድርሰቱ ላይ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም።»

«እንግዲያ ከድርሰቱ ይበልጣል» ብዬህ ሳቅኩ፣ እኔ ሞኟ። አንተም ሳቅህ። በልምምዱ ፊት ለፊት ተቀምጠህ እትዬን ሦስቴም አይተሃቸዋል፤ በያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ነገር የሚሞክሩ ነበር የሚመስልህ። ያን ቀን ግን ለካ የምታየው ሥዕሌን ሳይሆን ጥጉን ነበር። የጻፍኳቸውን ቃሎች እያነበብክ፣ ቀጥሎ መምጣት የነበረበትንና ያልመጣውን ቃል ትቆጥር ነበር።

ለመክፈቻው አሥራ አምስት ቀን ሲቀር ደወልክ። «እሷ ትታዋለች» አልከኝ።

«ማን?»

«እትዬ ነቻ። ደክሞኛል አለች። ፖስተሩን ባዲሷ ልጅ ቀይሪልኝ። ፊቱን ብቻ። አንገቱን አትንኪው፣ አንገቱ ያምራል።»

መጀመሪያ የቆረቆረኝን ልንገርህ፤ «አለች» ማለትህ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ብለህ፣ ሲገቡ ከመቀመጫህ ተነሥተህ የኖርክ ሰው፣ በአንድ ጀንበር «እሷ» አደረግሃቸው። ሰውን የምትጥለው መጀመሪያ በምላስህ ነው ማለት ነው። ይህን ጆሮዬ በደንብ ሰምቷል። እኔ ግን ደውዬ እትዬን «እውነት ነው ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ይልቁንስ «ፎቶዋን ላክልኝ» አልኩህ። ፎቶ! የልጅቷንም ፊት በእትዬ አንገት ላይ ተከልኩት። ጥላውን አስማማሁ፣ መጋጠሚያውን አለዘብኩት። ጥሩ ሥራ ነበር፣ ለዚያ ነው የሚያቃጥለኝ። ሰዎች «ከአንገት በላይ» የሚሉት ነገር ቃል በቃል ሲሠራ ያየሁት በገዛ እጄ ነው። ራሴን ከዚህ ደብዳቤ እንዳላወጣሁ እወቅልኝ።

መክፈቻው ላይ መጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገቢር ላይ ገዢው ወረቀቱን ዘረጋ። አዲሷ ልጅ ዝም አለች። ተነሣች። ወደ መስኮቱ ሄደች። በሁለት ጣቷ የመጋረጃውን ጠርዝ ያዘች።

እጥፋት በእጥፋት አስጠንተሃታል! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስንወጣ አንዲት ጋዜጠኛ ስለዚያች ዝምታ ስትጠይቅህ «ከረጅም ፍለጋ በኋላ ነው ያገኘኋት» ስትል አጠገብህ ቆሜ ነበር። ወንድሜ፣ አንተ እኮ የፈለግኸው ነገር የለም። አሮጊት አባርረህ ጉድለታቸውን ለራስህ ጥበብ አደረግኸው። ድክመታቸው እሳቸው ላይ ሲሆን ማባረሪያ፣ ሌላ ሰው ላይ ሲሆን ማስጨብጨቢያ ሆነ። ደፋር ብዙ አይቻለሁ፣ እንዳንተ ያለ ግን አላየሁም።

ከሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ እትዬ ደረጃዬን እያረፉ ወጡ። የጠቀለሉት ፖስተር በብብታቸው ነበር፤ ከግድግዳ የተላጠ ስለሆነ ጀርባው ላይ የቀለም ቅርፊት ይዟል።

«ሻይ ላፍላልዎት፣ እትዬ?»

«ሻዩ ይደርሳል። ይቺን አንቺ ነሽ የሣልሻት?»

«እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን ከጆሮው በታች፣ ልጅ ሳሉ አጥር ሲዘሉ ሽቦ የጫረቻቸው ጠባሳ ላይ አኖሩ። ሳላጠፋት ቀርቻለሁ። «ፊቷ ቆንጆ ነው፣ ይባርካት» አሉ። «አንገቱ ግን የኔ ነው።»

«ደክሞኛል ብለው ትተውታል ብሎኝ ነው» አልኩ እንደ ልጅ።

«አልደከመኝም፣ አልተውኩም። 'ይረሳሉ' አለኝ። እረሳለሁ፣ መች ካድኩ? ቃሉ ሲጠፋኝ መጋረጃ ካለ መጋረጃ፣ ወንበር ካለ ወንበር አስተካክላለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ቃሉ ይመጣልኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ፣ ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም። እሱ በምን እንደነቃብኝ ነው ያልገባኝ።»

እዚህ ላይ ብትኖር ኖሮ ምን ትል ነበር? እኔ ደብተሩን አወጣሁ። ሦስቱን ገጽ አሳየኋቸው፣ ጥጉ ላይ የጻፍኩትንም አነበብኩላቸው። «ሳላውቅ ያሳበቅኩብዎት እኔ ነኝ» አልኩ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ በጥፊ ቢሉኝ ሁሉ ደስ ባለኝ። መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን ደጋግመው አዩ።

«ይኼኛው ላይ ቃሉ መጥቶልኛል» አሉኝ ሦስተኛውን እያመለከቱ። «ዓይኔን እዪው። ጥሩ አድርገሽ ነው የያዝሽው።»

አለቀስኩ። እሳቸው ሻዩን አፈሉ።

አሁን ስለ ጥያቄህ። ደብተሩ እኔ ጋ የለም፤ የዚያኑ ዕለት ለእትዬ ሰጥቻቸዋለሁ። መስታወት ውስጥ የምታስገባው ነገር ካጣህ ራስህ ግባበት፣ ሰው ይይህ። ፖስተሩን ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ቀኑን እንዳልከው ለውጫለሁ። የእትዬን ፊት ወደ አንገቱ መልሻለሁ። ጥጉ ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ «መጋረጃዋ የእትዬ ናት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከነጽሑፉ ታትመዋለህ፣ አለዚያ ሌላ ሠዓሊ ፈልገህ ከባዶ ታስጀምራለህ። የድሮው ከአሁን በኋላ አንድ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ያችን ጋዜጠኛ ይዤ እትዬ ቤት እሄዳለሁ፤ ደብተሩን ገልጠው ራሳቸው ያሳዩዋታል። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ከፈለገች ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አይቻት፣ በገዛ አንገቷ እሠራላታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እትዬ ያን ቀን ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሰው ወደኔ ዞሩ። ለካ ቲኬት ቆርጠው ገብተው ተውኔቱን አይተውታል። የጠየቁኝ ጥያቄ ያንተ ነውና ላንተ አስተላልፌዋለሁ።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አረማመዷም ያው የኔው ነው» አሉኝ። «እኔ እዚያ መጋረጃ ጋ የምሄደው ቃል ጠፍቶኝ ነው። እሷ ምን ጠፍቷት ነው የምትሄደው?»

ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቤ የተቆጣሁብህ፣
የመጨረሻው ረድፍ ሠዓሊ