ዲሪያው ገና አልተሰፋም

ውድ ታደሰ፣

ከተለያየን አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ሌላውን ከመንገሬ በፊት አንድ ወሬ ላርም፤ ከእኔ ደብዳቤ ቀድሞ አንተ ዘንድ ደርሶ እንደሆነ አላውቅምና። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ የሞተ ባሌን ጉምሩክ ድረስ ሄጄ እንደከሰስኩ ይወራል። አንዳንዱ ማመልከቻ አስገባች ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ፎቶህን ይዤ ሄጄ አጥፊው ይሄ ነው እንዳልኩ ይናገራል። ፎቶህ ከግድግዳው አልወረደም። ማመልከቻ ማስገባቴ ግን እውነት ነው፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ያስገባሁትም አንተን ለመክሰስ ሳይሆን ራሴን ለማረም ነው። በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ። በሕይወት ሳለህ መሃል ላይ የማቋረጥ ልማድ ነበረህ፤ አሁን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የግቢው ኒም በበጋው ነፋስ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ጣለ፤ ጥላው ግን አሁንም እስከ በሩ ይደርሳል። ጠረጴዛህ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ማኅተምህን፣ መነጽርህንና ሰማያዊ ልባስ ያለውን ደብተርህን መሳቢያው ውስጥ አኑሬያቸዋለሁ። ራዲዮኑን ያለወትሮዬ እኔ እከፍተዋለሁ። ወሬው ሁሉ ያንተ የሥራ ወሬ ሆኗል፤ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ቀፊራ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠውም ሴት ስለ ምንዛሪ ትናገራለች። ታላላቆቹ አገሮች ደግሞ አንዱ በሌላው ዕቃ ላይ ታሪፍ እየጨመረ ተያይዘዋል። ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር ይህንኑ በስልኩ ሲሰማ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ አሜሪካኖቹ ታሪፍ የጨመሩት ቤንዚን ተወዶባቸው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ ታሪፍ ማለት ከባቡር ጣቢያው እስከ ቀፊራ የሚያስከፍለው ሒሳብ ነው። ቀረጥ መሆኑን አስረዳሁት። ስወርድ ግን ከወትሮው አስበልጦ አስከፈለኝና፣ ‹‹እኔም ጨመርኩ፣ አቦ›› አለኝ። ብትኖር ይህን ሳምንት ሙሉ ስታወራው ትሰነብት ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ነገሩ የጀመረው ከፋጡማ ነው። ጎረቤታችን ፋጡማ፣ ቀፊራ ጨርቅ የምትሸጠው። አንተ የትራንዚተር ፈቃድህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ለነጋዴው ሁሉ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስትሞላ፣ የእሷ ዕቃ በረሃውን በግመል አቋርጦ ይገባ ነበር። ሁለታችሁም ይህን ታውቃላችሁ። በራፋችን ላይ ሻይ እየጠጣችሁ፣ ስለ ሥራ አንድ ቀን ሳታነሱ፣ ሃያ ዓመት በጉርብትና ኖራችሁ። አንተ ስትታመም ግን በየቀኑ ሾርባ ያመጣችልህ እሷ ናት። አርባህ እስኪወጣም ከእኔ ጋር መደብ ላይ ተኝታ ከርማለች። ድሬ ውስጥ ‹‹እርስዎ›› የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በእናቷ ዕድሜ ያለሁትን ሴት አንቺ እያለች ቆጣ ብላ ታበላኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ አርማት ነበር። በኋላ ተውኩት። እንደዚያ ‹‹አንቺ›› ብሎ የሚያዝዘኝ ሌላ ሰው አልቀረኝምና።

ውለታዋን የምከፍልበት ነገር አጣሁና ምክር ሰጠኋት። ፈቃድ አውጪ፣ ዕቃሽን በሕጋዊው መንገድ አስገቢ፣ በእርጅናሽም ከፈታሾች ጋር እንዳትሯሯጪ አልኳት። አንተ ያላልካትን ሁሉ እኔ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገርኳትና ባለፈው መስከረም እሺ አለችኝ። የንግድ ፈቃድ አወጣች። ስለ ምንዛሪው ከባንክ ጋር ተሟግታ ከዱባይ ዲሪያ፣ ያን የድሬ ሴት ሁሉ የሚለብሰውን ስስ ነገር፣ አዘዘች። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ አድርጎ እዚህ የጉምሩክ መጋዘን ገባ። ዲክላራሲዮኑን የሞላችላት ትራንዚተሯ ሰላማዊት ናት፤ አንተ ጡረታ ልትወጣ ስትል ሥራ የጀመረችው፣ አሁን የራሷ ቢሮ ያላት።

ዕቃው እዚያው ቆመ። ወረቀቱ ‹‹ቀሚስ›› ይላል። ለተሰፋ ልብስ ቀረጡ ከባድ ነው፤ ላልተሰፋ ጨርቅ ቀለል ይላል። ምክንያቱን አንተ ነህ ያስረዳኸኝ፤ መስፋቱ እዚህ ይሁን፣ እንጀራውም እዚህ ላለው ልብስ ሰፊ ይትረፍ ተብሎ ነው። ፋጡማ ያስመጣችው ያልተቆረጠ ጨርቅ ነው። የተጠየቀችውን ቀረጥ መክፈል አትችልም። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ዕቃው በሐራጅ ይሸጣል፤ እሱ ከተሸጠ መደብሯ ይዘጋል። ሄዳ ጨርቅ ነው ብትል፣ አንዱ ሠራተኛ በትሕትና ወረቀቱን አዙሮ አሳያት። እኔ የማነበው የጻፋችሁትን ነው አላት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በራፌ ላይ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ የነገረችኝን አልረሳም።

‹‹አቦ፣ በግመል ሲመጣ ስሙን የሚጠይቀኝ አልነበረም።››

ሕጋዊ ሁኚ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አላለችም። ብትለው ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ሰላማዊት ዘንድ ሄድኩ። ለምን ቀሚስ ብለሽ ጻፍሽ አልኳት፤ እንደ አስተማሪ ሳልቆጣት አልቀረሁም፣ ፊቷ ቀላ። ከመሳቢያዋ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ አወጣች። ታደሰ፣ ያንተ ደብተር ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ ትራንዚተር ሁሉ የኮፒ ኮፒ ይዟል፤ እኔ አላውቅም ነበር። በግራ ድሬ የሚጠራበት ስም፣ በቀኝ በታሪፍ መጽሐፉ የሚገባበት ስም። ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ አደርኛው፣ ዐረብኛው ሁሉ ተሰብስቦበት፣ ከፊሉ በአንተ እጅ፣ የበዛው ደግሞ በእኔ ጽሕፈት። ሰላማዊት ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች፤ ‹‹ዲሪያ፦ ቀሚስ››። ‹‹የአባባ ታደሰን ደብተር ተሳስቷል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?›› አለችኝ። የወሬው ምንጭም ይሄ ነው። አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሰዎች የሟቹ ደብተር ስህተት እንዳለበት ሰሙ፤ ቀሪውን ራሳቸው ሞሉት።

ቤቴ ገብቼ ዋናውን ደብተር አወጣሁ። ያ መስመር የእኔ እጅ ነው። ቀጥ ያለ፣ የተስተካከለ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጣታችን እስኪያብጥ የተማርነው ጽሕፈት። ቀኑም ትዝ አለኝ። ባቡሩ ገና እያፏጨ የሚገባበት ጊዜ ነው። አንተ ጠረጴዛው ጋ ነህ፣ እኔ ልብስ እተኩሳለሁ። ዲሪያን በአማርኛ ምን እንበለው ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም አንገቴን ሳላቀና፣ ቀሚስ ነዋ አልኩህ። ሴቱ ሁሉ ሲለብሰውማ አያለሁ፤ ስስ፣ ሰፊ፣ ለድሬ ሙቀት የተፈጠረ። ግን እዚህ ሰዉ የተሰፋውንም ያልተሰፋውንም በአንድ ስም ዲሪያ እንደሚለው አላሰብኩም። ከተጣጠፈበት አውጥቼ አልዳሰስኩትም። አንተ ለሠራተኞችህ ሁልጊዜ፣ መጀመሪያ ዕቃውን ዳስሱ፣ ከዚያ ስም ስጡ ትል ነበር። እኔን ግን ዳሰስሽው ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። ደብተሩን ሰጠኸኝ፤ ጻፍኩት። ፈረንሳያዊቷ መነኩሲት አስተማሪዬ ብታይ ኖሮ በማስመሪያው ጠርዝ ትመታኝ ነበር፤ በግምት የጻፈ ተማሪ ከሰነፍም ያነሰ ነው ባይ ነበረች።

ለብዙ ዓመት ማንም አልተጎዳበትም፤ ዲሪያ በግመል እንጂ በዲክላራሲዮን አይመጣም ነበርና። ስህተቴ በሕጋዊው መንገድ የመጣችውን የመጀመሪያዋን ሴት ሲጠብቅ ኖረ። የላክኋትም እኔው ነኝ።

መነጽሬን ለውጬ መስመሩን እንደገና ሳየው ነው ያገኘሁት። ‹‹ቀሚስ›› ከሚለው ቃሌ ቀጥሎ፣ በጣም ሳስቶ፣ በእርሳስ የተጻፈች የጥያቄ ምልክት። ያንተ ናት፤ የጥያቄ ምልክት ከታች ወደ ላይ የምትጽፍ አንተ ብቻ ነበርክ። ተጠራጥረህ ነበር። ቃሌን አልሰረዝክም፣ አልነገርከኝምም፤ ምናልባት ዕቃውን አንድ ቀን ዳስሼ አረጋግጣለሁ ብለህ ነው፣ ምናልባትም እንዳላፍር። ፎቶ ኮፒ ማሽን ሳስ ያለ እርሳስ አያነሳም። የእኔ እርግጠኝነት ከተማውን ሁሉ አዳርሶ፣ ያንተ ጥርጣሬ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ራሴን አስደግፌ ጥቂት አለቀስኩ። ከዚያ ማመልከቻውን ጻፍኩ።

ጉምሩክ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ ፋጡማ፣ ሰላማዊትና እኔ። ሠራተኛው ወንበር ሰጠኝ። ደብተሩን ከፍቼ መስመሩን አሳየሁት፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው አልኩ፣ ማመልከቻውን አስፈርሜ እጁ ላይ አስቀመጥኩ። እሱም ከልቡ አዳመጠኝ፤ ግን እናቴ፣ ደብተር ሕግ አይደለም አለኝ። ትክክል ነው። እኔም ሕጉን አንተው ታውቃለህ፣ እኔ የምጠይቅህ ዕቃውን እንድንዳስሰው ነው አልኩት። አንዱ ጥቅል ተከፈተ። ፕላስቲኩን ቀድጄ አረንጓዴውን ዲሪያ ዘረጋሁት፤ ከመጋዘኑ በር እስከ ሚዛኑ ደረሰ። ጫፉን ለሠራተኛው ሰጠሁት።

‹‹ቀሚስ ከሆነ፣ ልጄ፣ ራሴን በየት በኩል እንደማስገባው አሳየኝ።››

ጫፍና ጫፉን ገለባብጦ አየው። ፋጡማ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ሚዛን የሚይዙት ሁሉ ተከተሏት። እሱም ፈገግ አለ፤ ግን ሥራ አዋቂ ነው፣ ሌሎቹንም ጥቅሎች አስከፍቶ አንድ በአንድ አየ። የድጋሚ ምርመራ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት ነበር፤ አሳረምኩት። ሐራጁ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዕቃው በጨርቅነት ታይቶ ተለቀቀ። ፋጡማ የጉምሩክ ደረሰኝ ስትይዝ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። በመስታወት አስገብታ መደብሯ ውስጥ ከመካ ሥዕል አጠገብ ሰቅላዋለች። ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ፣ ይሄ ኮንትሮባንድ አይደለም፣ ደረሰኙን እይ እያለች ታስጨንቃለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ነገር አስባለሁ። ያ ትልቁ የዕቃ ስም ሠንጠረዥ አውሮፓ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የሚስማሙበት እንደሆነ ነግረኸኝ ነበር። ጨርቁ በአንድ አገር ይሸመናል፣ በሌላ ይሸጣል፣ ስሙን በሦስተኛ አገር ይሰጡታል፣ ቀረጡን ፋጡማ ትከፍላለች። እዚያ እኛ ወንበር የለንም ስልህ፣ አንተ ደግሞ፣ ወንበሩስ አለን፣ ዕቃውን ዳስሶ ሄዶ የሚቀመጥበት ሰው ነው ያነሰን ትለኝ ነበር። ያኔ ማቃለል መስሎኝ ተቆጥቼሃለሁ። ይቅርታ። የአገሮቹ ጠብ ሁሉ፣ ያ ራዲዮኑ የሚያወራው፣ መጋዘን ውስጥ ሲገባ መጨረሻው አንድ ቃል ይሆናል፤ ያንን ቃል የሚጽፈው ሰው ዳስሶ ይሁን ሳይዳስስ ነው ልዩነቱ። ይህን ከአንተ ተማርኩ። ከመነኩሲቷ የተማርኩት ቀጥ አድርጎ መጻፍን ነበር፤ መጠራጠርን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ያውም ቃሌን ሳትሰርዝ። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። ሚስትህን ሳታሳፍር ስለኖርክ፣ ጎረቤትህን ስለ ግመሏ ስላልወቀስክ፣ ደብተሩን ለጠየቀ ሁሉ ኮፒ ስለሰጠህ። ‹‹ባሏን ከሰሰች›› ይበሉ፤ ቀለሙ የእኔ፣ እርሳሱ ያንተ መሆኑን እኛ እናውቃለን። እኔ እስካለሁ አይረሳም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርህ። ከሁሉ በፊት ደብተሩን አውጥቼ ‹‹ቀሚስ›› የሚለውን በቀይ ቀለም በአንድ መስመር እሰርዘዋለሁ፤ ስህተቱም እንዲነበብ። ከጎኑ ‹‹ካልተሰፋ፣ ጨርቅ›› ብዬ እጽፍና እፈርምበታለሁ። ያንተን ምልክት አልነካም። ከዚያ ባጃጅ እይዛለሁ፣ ታሪፉን እከራከራለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ እርሳሱ ጎልቶ እስኪወጣ ማሽኑን አጥቁረው እላለሁ። ለሰላማዊት የመጀመሪያውን፣ ለቀሩት ትራንዚተሮች ደግሞ ሌላውን በየቢሯቸው በእጄ አደርሳለሁ። በመጨረሻም ቀፊራ ልብስ ሰፊው ጋ እገባለሁ። ፋጡማ አንድ ሰማያዊ ዲሪያ ሰጥታኛለች፤ ዋጋውን ብጠይቅ ተቆጣችኝ። አንገት እንዲያወጣለት፣ ጎንና ጎኑን እንዲገጥምልኝ እነግረዋለሁ። ያን ጊዜ ቀሚስ ይሆናል፤ ልብስ እየተኮስኩ፣ አንገቴን ሳላቀና የመለስኩልህም መልስ ትክክል ይሆናል። ለብሼው መቃብርህ ድረስ እመጣለሁ፣ ታያለህ።

እስከዚያ ግን ጨርቅ ነው።

ሚስትህ
በላይነሽ