የታረቅኩት ሰው

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት በላ። ደንበኞች ተቆጡኝ፣ አንዲት ሴትዮ ብቻ አዘኑልኝ። ማሽኑን በጥፊ ስመታው አይተው መሰለኝ...

ማታ በስልኬ የተኩስ ጨዋታ ከቡድኑ ጋር ተጫወትኩ። እነሱ ዘንድ ስሜ ገዳሙ ነው። ወንድ ነኝ። ማይክ አልከፍትም፣ በጽሑፍ ብቻ። ድሮ በገዛ ስሜ ሕሊና ብዬ ስገባ ተኩሱን ትተው "ፎቶ ላኪ" ነበር ጨዋታው። ገዳሙ ከሆንኩ ወዲህ ሰላም ነው። ነበር።

የሉማሜው ልጅ ተመትቶ ወደቀ። የኋላሸት ይባላል፣ ስልክ ጠጋኝ ነው። ላነሳው ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። ተሸነፍን። ከዚያ ለብቻዬ ጻፈልኝ። እናቴን ነካ። አምና መሞቷን ያውቃል፤ ሁሉም "ነፍስ ይማር" ብለውኝ የለ? ከመቃብር አውጥቶ ምን እንደሚያደርጋት... አልጽፈውም። እዚህም ቢሆን አልጽፈውም። መጨረሻው ላይ፦ "ማርቆስ ከተማ እንደምትኖር አውቃለሁ። አገኝሃለሁ።"

ጨዋታ ነው እኮ። በሩን ለምን ሁለቴ ቆለፍኩ?

ኅዳር 4

ለጨዋታው ድርጅት ሪፖርት አደረግኩ። መልሱ በእንግሊዝኛ መጣ፦ ደንብ የጣሰ ነገር አላገኘንም። አማርኛ አያነቡም ማለት ነው። በፊደላችን እስከሆነ ድረስ የፈለገ ሰው እናቴን መስደብ ይችላል።

ኅዳር 8

ለቡድኑ መሪ ለመሳፍንት መልእክቱን አሳየሁት። አማኑኤል ከተማ አስተማሪ ነው፣ ቅን ሰው። ሁሉንም አስተባብሮ ሪፖርት አስደረገ። ሲበዛባቸው ጊዜ ሰሙ። የኋላሸት ለሦስት ቀን ታገደ።

ሦስት ቀን! ጉንፋን እንኳ ከዚያ በላይ ይቆያል።

ኅዳር 12

በሌላ ስም ተመለሰ። "ያሳገድከኝ አንተ ነህ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

መሳፍንት ቡድኑን ጠየቀ፣ ምን ይደረግ ብሎ። ክርክር ሆነ። አማረ "ለዘላለም ይታገድ" አለ። ሌላው "ስንት ስም ልትዘጉበት ነው? ይጫወት፣ መጻፍ ግን ይከልከል" አለ። መሳፍንት ግን... "ያባረራችሁት ሰው ቂም ይዞ ነው የሚመለሰው። ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቅ። እኛ ሽምግልና ያለን ሰዎች ነን፣ የማሽን ፍርድ ምን ያደርግልናል?"

ሁሉም ወደደው። እኔም። እውነቱን ለመናገር ኩራት ኩራት አለኝ። ለእናቴ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊፈርድላት ነው!

ገዳሙ ማን እንደሆነ ግን አያውቁም። ከሄድኩ ያያሉ። ልቅር?

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሄድኩ። መንገዱ ሰላም ነው ሲሉ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ አማኑኤል ወረድኩ። መሳፍንት በሩን ከፍቶ ከኋላዬ ገዳሙን ፈለገ። "እኔ ነኝ" ስለው አፉን ያዘ፣ ከዚያ ከልቡ ሳቀ። ቀለል አለኝ።

የኋላሸት አልሳቀም። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ መጥቷል። መንገድ ላይ ባገኘው "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ" እል ነበር። "አንቺ ነሽ?" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝ።

የመሳፍንት የንስሐ አባት፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ መካከል ተቀመጡ።

"ምን በደለሽ ልጄ?"

"ክፉ ቃል ተናገረኝ።"

"ምን ብሎ?"

እንዴት ብዬ ልበል? ካህን ፊት፣ ያን ቃል? መሳፍንት ደረሰልኝ፦ "ነውር ነው አባ፣ አይደገምም።" "እንግዲያው ይበቃል" አሉ። የኋላሸት ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? አባ መስቀል አሳለሙን። "ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ናት" አሉት።

ስንሰነባበት "የት ነው የምትሠሪው?" አለኝ። "ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው" አልኩ። መሳፍንት መለሰለት፣ ደስ ብሎት፦ "ማርቆስ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ኮፒ ቤቱ!"

ታኅሣሥ 6

መጣ። መታወቂያውን ኮፒ አስደረገ። አመስግኖ ሄደ።

ታኅሣሥ 9

መጣ። ያንኑ መታወቂያ።

ታኅሣሥ 15

ሴት መሆኔን ቡድኑ ሁሉ ሰምቷል፤ ጨዋታው ውስጥ ማንም አይተኩስብኝም። ትናንት አንድ የማላውቀው ልጅ ቢመታኝ የኋላሸት ወረደበት፣ እናቱንም አባቱንም አልተወለትም። ለቡድኑ ደግሞ "እሷን የነካ ከእኔ ጋር ነው" ብሎ ጻፈ። የአውራ ጣት ምልክት አዘነቡለት። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" አለ አማረ። ወይ ወንድም! ስድቡ ያው ነው እኮ፣ የሚሰደበው ሰው ተቀየረ እንጂ።

መሳፍንት ጋ ደወልኩ።

"እየተከታተለኝ ነው።"

"ታርቃችኋል እኮ ሕሊና።"

"ፈራሁት።"

"ቂም አትያዢ። ይቅር ብለሽ የለ?"

ይቅር ያለ ሰው መፍራት አይችልም? ቢታገድ ኖሮ በሌላ ስም ተደብቆ ይመጣ ነበር። አሁን በገዛ ስሙ ነው የሚመጣው፣ ታርቆ፣ መስቀል ተሳልሞ። ማንን ልክሰስ? ምን ብዬ?

ጨዋታውን ከስልኬ አጠፋሁት። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ሱቁን ማጥፋት አልችል።

ጥር 17፣ እሑድ

ቤታችን፣ አባቴ ዘንድ፣ ሽማግሌ መጣ። አባ ወልደ ሰንበት፣ መሳፍንትና የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ። ለምን እንደመጡ አልገባኝም ነበር። "ልጅዎን ለልጃችን" ሲሉ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ለዚያ ሰው! "ጥፋቱን አምኖ ድንጋይ የተሸከመ ልጅ ነው" ይላሉ አባ። ጥፋቱ ሙያ ሆኖ ተቆጠረለት። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጠሮ ሊሰጡ መሆኑ ገባኝ።

ወጣሁ። ሰላምታም አልሰጠሁ። ከእናቴ ፎቶ ስር ቆሜ ያን ቃል ተናገርኩት። ሁሉንም፣ ከመቃብሩ ጀምሮ "አገኝሃለሁ" እስከሚለው ድረስ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አባ አማተቡ። መሳፍንት አንገቱን ደፋ፤ እሱ እኮ አንብቦታል።

"ምነው ያኔ ብትነግሪኝ ልጄ?" አሉ አባ።

"ይበቃል አሉኝ እኮ።"

የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ሄዱ። አባባ ከተቀመጡበት አልተነሱም። የተሰደበችው ባለቤታቸው ናት። ያን ቃል ከእኔ አፍ ሰሙት... ምን አደረግኳቸው?

ጥር 19

መሳፍንት ደወለ። ከቡድኑ አስወጥቶታል፣ ለሁልጊዜ። "ምን ብናደርግ ይሻል ነበር?" አለኝ። ይቺን ጥያቄ ኅዳር ላይ ቢጠይቀኝ! የተሰደበውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ፣ ቃሉን ሳያፍሩ መስማት፣ የት እንደሚሠራ አለመናገር። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅም። ምን ዓይነት ቅጣት ነው ሰው ሰውን መከተል እንዲተው የሚያደርገው?

"ምን አለ እሱ?" አልኩት።

"ሳቀ።"

ጥር 21፣ ሐሙስ

አባባ ዛሬ አብረውኝ ወጡ። ዱላቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ይምጣ" አሉ። ከእሑድ ወዲህ የተናገሩት ይኸው ነው። ዕድሜ ይስጥልኝ... ሥራ ጀመርኩ፣ ሬዲዮም ከፈትኩ።

ረፋድ ላይ ቀና ስል በመስታወቱ አየሁት። ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ለአባባ እጅ ነሳ። በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ሽማግሌ የላከ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም። አባባ ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁትም!

ጠጋ አሉለት። ተቀመጠ።

ከማሽኑ ጀርባ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። እያወሩ ነው። ምን እያላቸው ይሆን? አባባ ሳቁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ዱላቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈውታል፣ በእሱ በኩል።

ልወጣ ነው።