ሙስጠፋ የሠራው ፍሬን

ውድ ወንድሜ እሸቴ፣

ለማገገም ልጅህ ዘንድ ከሄድክ ወዲህ የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እግርህስ? ልጅህ ገነት ከትናንት ወዲያ ደውላ «አባዬ ያለ ምርኩዝ ከሳሎን እስከ ግቢው በር መሄድ ጀመረ» ስትለኝ፣ እሰይ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ባለሁበት ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ፈንታነሽ ምሳ አቅርባ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። ደክሞኛል እሸቴ። ጡረታ የወጣ መምህር ምን ሥራ አለውና ይደክመዋል ትል ይሆናል። አንድ ነገር በሆዴ ይዤ አራት ወር መዞሬ ነው ያደከመኝ።

በስልክ ልነግርህ ስንቴ ሞከርኩ መሰለህ! «አንተ ንፉግ፣ አለህ ወይ?» ብለህ ስትስቅ ወሬ እለውጣለሁ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ማን እንደሞተ ማን እንዳገባ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ ልጽፍልህ ተነሣሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ ይህችን ወረቀት ለመጀመር ሳምንት ፈጀብኝ። አደራህን፣ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ስልክ እንዳታነሣ።

የእኔና የአንተን ጭቅጭቅ ደብረ ታቦር ላይ ያልሰማው ሰው አልነበረም። አንተ ሳይክል በዓመት አንዴ እንኳ ሱቅ ገብቶ ሙሉ ሰርቪስ ካልተደረገለት ዕድሜ የለውም ትላለህ። እኔ ደግሞ ካቴና ዘይት ለማስቀባትና ብሎን ለማስጠበቅ ገንዘብ የሚከፍል ሰው እጅ የለውም እላለሁ። «አንተ እኮ ፀጉርህንም ራስህ ብትቆርጥ ደስ ይልሃል» ትለኝ ነበር። ቆርጬም አውቃለሁ፤ ፈንታነሽ ሁለት ሳምንት ያለ ባርኔጣ አላስወጣችኝም። እውነቱን ልንገርህና ንፍገት ብቻ አልነበረም። ያን ሳይክሌን ሌላ ሰው ሲነካው፣ ተማሪ ፊት የጻፍኩትን ሌላ መምህር መጥቶ ያረመብኝ ያህል ይከነክነኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ታውቀኛለህ።

ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ፣ ወደ እርሻዬ እየተመላለስኩ አጫጆቼን ልይበት ብለህ ሳይክሉን እንዳውስህ ጠየቅኸኝ። «በዚህ ሁኔታው ግን አልቀመጥበትም» አልክና ራስህ እየገፋህ ገበያው ዳር ያለው ሳይክል ሠሪ ሙስጠፋ ዘንድ ወሰድከው። ራስህ ከፈልክ። ሙስጠፋ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት ዋለ፤ ፈታታው፣ ኩሽኔታውን አጥቦ ግራሶ ሞላው፣ የተጣመመውን ቸርኬ አቃናው፣ የኋላውን የፍሬን ገመድ በአዲስ ቀየረው። ለፊቱ ፍሬን ዕቃ እስኪመጣለት ድረስ በኋላው ብቻ እየያዝክ ቀስ ብለህ ንዳ ብሎ አስጠነቀቀህ። ከሰዓት በኋላ ነድተኸው እኔ ቤት መጣህና «በል ውጣበት፤ ለሰርቪስ መክፈል ይበጅ እንደሆነ አሁን ንገረኝ» አልከኝ።

ወጣሁበት። ኧረ እሸቴ፣ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም! ያ ሠላሳ ዓመት ሲንቋቋብኝ የኖረ ሳይክል የእኔ አልመስል አለኝ። ወርጄ ምን አልኩህ? «ፍሬኑን አክርሮታል።» ሌላ የማወጣለት እንከን ስላጣሁ ነው። አንተም ስቀህ «ነገ ማለዳ መጥቼ እወስደዋለሁ» አልክና ሄድክ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም። አንተ ከግቢው እንደወጣህ ሳይክሉን በረንዳ ላይ ገለበጥኩት። ጎማውን ሳሽከረክረው የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን በስሱ ይነካል፤ በጣም በስሱ። አዲስ ገመድ ሲሠሩበት ስለሚለጠጥ ሙስጠፋ ሆን ብሎ እንዲያ እንዳደረገው ነግሮሃል፤ አንተም ነግረኸኛል። እኔ ግን ፒንሳዬን አመጣሁ። ገመዱን ጨብጣ የያዘችውን ብሎን ፈታሁ፣ ገመዱን ላላ አደረግኩት፣ ብሎኗን መልሼ አሰርኳት። ያጠበቅኳት መስሎኝ ነበር። ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆማ «ሰውዬው ሠርቶት የለም እንዴ? ምን ትነካካዋለህ?» አለችኝ። «እነሱ መች ሥራ ያውቃሉ» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ካልነካሁት አላስችል ስላለኝ ነው እሸቴ፤ ሌላ ምክንያት ባገኝ እጽፍልህ ነበር።

በማግስቱ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑን ብትጨብጠው ገመዱ ከብሎኗ ሾልኮ ወጣ።

ሆስፒታል ስደርስ እግርህ በእንጨት ታስሮ፣ ፊትህ በላብ ርሶ «ሙስጠፋ ጉድ ሠራኝ» አልከኝ። ያን ጊዜ ነበር መናገር። እኔ ምን አልኩህ? «አላልኩህም? ለሱቅ ገንዘብ መገበር ይኸው ነው ትርፉ!» አንተ በዚያ ሕመም ላይ ሆነህ «እሺ፣ ረታኸኝ» አልከኝ። በጭቅጭቃችን አንድም ቀን እሺ ብለኸኝ አታውቅም ነበር። ይህ ቃልህ ሌሊትም ቀንም አይለቀኝም።

ዘመዶችህ ሙስጠፋን ልንከስ ነው ብለው ሲነሡ፣ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ ተባለ። ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። ሁለታችሁንም ያውቃል፣ አያዳላም ተብዬ አንዱ እኔ ሆንኩ። እምቢ እንዳልል ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ እንዳልል ደግሞ... ይኸው እሺ አልኩ። ሙስጠፋ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አንተ አልጋ ላይ ስለነበርክ ያየኸው ነገር የለም፤ የነገሩህም ግማሹን ነው። ሙስጠፋ የቀረበበትን ክስ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና «ጋሽ ጥላዬ፣ ሳይክሉ ከእኔ ወጥቶ ያደረው እርስዎ ቤት ነው። ከእኔ በኋላ ማንም አልነካውም?» አለኝ።

ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። እኔ የስንቱን ተማሪ ውሸት በዓይኑ የማውቅ ሰው፣ «ማንም አልነካውም» አልኩ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ጎማ የሚነፋበትን ማሽኑን ሸጦ ለሕክምናህ ከፈለ። ዕርቁ ሲያልቅ የሚመርቀው በዕድሜ ታላቁ ነውና እኔ ተነሥቼ መረቅኩ። «እውነቱን አውጥቶ ላስታረቀን አምላክ ምስጋና ይግባው» ብዬ። በዚህ አፌ! ሰው ሁሉ አሜን አለ። ሙስጠፋም አሜን አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላስቀደስኩም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ጉልበቴን አሞኝ ነው እላለሁ። እሱም ሌላ ውሸት ነው።

ሙስጠፋስ? «የሰው እግር የሰበረ» ተባለና ሱቁ ጭር አለ። ድሮ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ባለ ሳይክሎች በደጁ አልፈው ሌላ ጋ ይሄዳሉ። ጎረቤቱ እንደነገረኝ፣ በወሩ መጨረሻ ሱቁን ዘግቶ ከሚስቱ ከሰልማ ወንድም ጋር ሊሠራ ወደ አንበሳሜ ሊሄድ ነው። ፈንታነሽ ከኅዳር ጀምሮ እራት ባቀረበች ቁጥር «ነገርካቸው?» ትለኝ ነበር፤ ሌላ ቃል የላትም። ባለፈው ሳምንት መጠየቁን ተወችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሙስጠፋ ዘንድ ሄድኩ። መደርደሪያውን ከግድግዳ እያወረደ ነበር። የምለውን በመንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «ፍሬኑን የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሥራውንም አላቆመ። «አውቃለሁ» አለኝ። «ጋሽ እሸቴ የወደቁ ዕለት ሳይክሉን አይቸዋለሁ። ብሎኗ ላይ የፒንሳ ጥርስ ነበረባት። እኔ ሱቅ ብሎን በፒንሳ አይፈታም፤ በልኩ በተሠራ መፍቻ፣ በኪያቤ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«መች ዝም አልኩ? በሰው ፊት፣ ስምዎን ጠርቼ ጠየቅኩዎት። ሽማግሌው ዋሹ ብል ማን ይሰማኛል? ልጆቼን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነዎት።»

ይቅር በለኝ ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዞ ቀና አደረገኝ። ይቅር ያለኝ መስሎኝ ነበር። «ጋሽ ጥላዬ፣ ለእኔ መንገርዎ ምን ይጨምርልኛል? እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ይንገሩ» አለኝና ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። እኔም ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ ሁለት ቦታ ተቀመጥኩ።

እና ይኸው፣ ከማያውቁት የመጀመሪያው አንተ ነህ። ቅዳሜ በገበያው ቀን ሁለቱን ሽማግሌዎች ጠርቻለሁ፤ ዘመዶችህንም አስጠርቻለሁ። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ። ለሳይክሉ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ሙስጠፋ ለአንተ ሕክምና ያወጣውን እመልስለታለሁ፤ የጎደለውን ከጡረታዬ እሞላለሁ። ስሙን ግን በምን እንደምመልስለት አላውቅም። ከነገርኩ በኋላም እሄዳለሁ ቢል ምን አፍ አለኝና አትሂድ እለዋለሁ። ለሰርቪስ መክፈል ይበጃል አይበጅም ላልከኝም መልሱን ልስጥህ፤ ይበጃል። ሰውዬው በደንብ ሠርቶልህ ነበር። የከፈልክበትን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አሁን ቀለለኝ ልልህ ነበር፤ አልቀለለኝም። አንተ ብትረግመኝም፣ ደጄን አልረግጥም ብትልም እውነት አለህ። ሕመምህን እያየሁ አጠገብህ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥልህ የነበርኩት ሰው፣ ያሳመመህ ራሴ ነበርኩ። ይህን አስበህ ከተናደድክ አስታርቁን ብዬ ሰው አልልክብህም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ለእኔ አትደውል። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ ቅዳሜ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ለሙስጠፋ ደውልለት። «ፍሬኑን ደህና አድርገህ ሠርተኸው ነበር» በለው። ከአንተ አፍ ይስማው።

ፍሬኑን የፈታው
ጥላዬ