የቫይረስ ሽራፊ

ግሬታዬ፣

እዚህ ሳንታ ፌ ቁርሱ ላይ ሳይቀር ቃሪያ ነው፤ እኔን ያቃጠለኝ ግን አለቃችን ሃልቨርሰን ነው። ዛሬ ስብሰባ ላይ በኮምፒውተር ስሌቱ የበሽተኛው ተከላካይ ሴሎች ቫይረሱን ሲያጠፉ አሳየንና «በሃያኛው ቀን ተመልሶ ይነሳል፤ መድኃኒቱ ሁለት ሳምንት ይራዘም» አለ።

ሐኪሟ ሎሬና ባካ «ከስንት ቫይረስ ነው የሚነሳው?» አለችው።

ቁጥሩን አየ። «ከአንድ ቫይረስ አንድ ሺህኛ።»

«እሱ እንግዲህ ጅራቱ ነው ጆሮው? ለሱ ተብሎ በሽተኞቼ በመድኃኒቱ ሁለት ሳምንት ሲያስታውኩ ይክረሙ?»

አዳራሹ እየሳለ ሳቀ። እሱ ግን ቀመሩ ልክ ነው ብሎ እስከ ምሳ ሙጭጭ አለ። እዚያ ሳስካቱን አንቺ ዘንድ ቢሆን ኖሮ «ከአንድ በታች ዜሮ ነው» ብለሽ በደቂቃ ትገላግዪን ነበር።

እናትሽን ሳሚልኝ። የአዳራሹ ጉንፋን እኔንም ይዞኛል፤ ይኼኛው እንኳ ሙሉ ቫይረስ ነው።

ኢንግሪድ