በገመዱ ዝርዝር ላይ የጻፍኩት ስም

ውድ አሌክ፣

እማዬን ከቀበርን ዓመት ሞላ። ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድ ከረምኩ፤ ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልነሳም።

የገመዱን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሣጥኑን ለማውረድ ስምንት ገመድ፣ ስምንት ሰው። በመንደራችን አሌክ ቡካን የሚባል ሰባት ሰው አለ፤ ቀብር አስፈጻሚው እንዳይደናገር ብዬ በራስጌው ገመድ አንጻር ከነቅጽል ስምህ «አሌክ ቡካን፣ ደረቅ ጫማ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ለምዶት እንጂ አስቤበት አይደለም። ሰውየው መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። አንተም ወጣህ፣ ገመዱን ያዝክ፣ እናትህን አወረድክ፤ ከቀብር በኋላ የሚቀርበውን ሾርባ እንኳ ሳትቀምስ ወደ አውስትራሊያ ተመለስክ።

ስሙንም ያወጣሁልህ እኔው ነበርኩ። ያን ጠዋት የአጎታችን የዓሣ ጀልባ ጥላህ ስትወጣ፣ ወደቡ ላይ በሰው ፊት «ጫማው እንዳይረጥብበት ፈርቶ ነው!» ብዬ ሳቅኩብህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ከዚያማ ፖስተኛው በለው፣ የመራጮች መዝገብ በለው፣ የሠርግህ ጥሪ ሳይቀር ደረቅ ጫማ ሆነ። ሚስትህ ኬቲ ስታረግዝ «ልጄ የደረቅ ጫማ ልጅ እየተባለ አያድግም» አልከኝ። እኔ ደግሞ «ውይ፣ አንተ ቀልድ አይገባህም እንዴ?» አልኩህ።

ከሄድክ በኋላ ለእማዬ «እዚህ አውስትራሊያ የምኖርባት ከተማ ራሷ ስሟ ቡካን ነው፤ ከሰው ግን ቡካን የምባለው እኔ ብቻ ነኝ። አሌክ ብለው ሲጠሩ ሌላ አሌክ አይዞርም» ብለህ ስትጽፍላት ጉራ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን እትዬ ዊልሚና ሹራብ እየሠራች፣ «አንቺ ልጅ፣ አሌክን ጀልባዋ ጥላው የወጣች ጠዋት እኮ እናትሽ በር ላይ ተንበርክካ ነው ያስቀረችው» አለችኝ። «አባትሽን ባሕር ከወሰደው ዓመት አልሞላም ነበር። ለማንም እንዳይናገር አስምላዋለች።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«እሱ ችሎ ዝም ያለውን እኔ ልዘክዝከው?»

አፈርኩ፣ አሌክ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ተነስቼ ሁሉንም ለሕዝቡ ተናገርኩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አናጢው ሳንዲ ግን «ታዲያ ከእንግዲህ የትኛው አሌክ እንበለው?» ሲል ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ትናንት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ ሻጯ «የደረቅ ጫማ እህት፣ ተራሽ ነው!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አቤት» አልኳት።

አንተ እዚያ አሌክ ብቻ ሁን።

እህትህ ኢዞቤል