ለአንድ እናት ሁለት መርዶ

ከባሕር ማዶ ለምትኖሪው ለልጄ ለየትነበርሽ አድማሴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ከሰላምታዬ ቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ይመላለስብሻል? የቤሩት ክረምት እንዴት አለፈልሽ? አሠሪዎችሽስ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንድትስሚ ይለቁሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ከብቶቹ ደኅና ናቸው። እህሉም ዘንድሮ ሸጋ ነበር፤ ጥቂቱን ዝንጀሮ በላው እንጂ።

ይህን የምጽፍልሽ ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። በስልክ ሲሆን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ መሥመሩም ይቆረጣል። የጎረቤታችን የፊልጶስ ልጅ ይመኙሽ ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በጽሕፈቴ አትሳቂ፤ ፊደልን ከበሬ ኋላ ሆኖ ብቻውን የለቀመ ሰው እጁ እንዲህ ነው።

ነገሩ የእኅትሽ የአበቡ ነው። እናትሽን ጥር ላይ ስንቀብር አበቡ እንዴት ሆና እንደ ነበር ደኅና አድርጌ አልነገርሁሽም። ከመስከረም ጀምሮ አፏ ተዘግቶ ነበር። አትናገርም፣ አትተኛም፤ እጇን ከፍ ካደረጉላት እንደ ቅርንጫፍ ቆሞ ይቀራል። እናትሽ ከጠበል ጠበል ይዛት ዞረች። መንገዱ ሲከፋ በጀርባዋ አዘለቻት፤ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰች ከረመች። በኋላ ራሷ ታማ ወደቀች፤ ከዚያም አልተነሣች። በቀብሩ ቀን አበቡን ከግራ ከቀኝ ደግፈን አቆምናት። ሰው ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ እሷ አፈሩን ታያለች፤ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። «የእናቷ ሬሳ ሲወርድ ዓይኗ የደረቀ፣ ይህ ምን ዓይነት ልብ ነው!» ብለው አሟት። ሰማሁ።

ከቀብሩ በኋላ ውሃም እምቢ አለች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ወንድምሽ ምንይችል ማኪና ለምኖ ጎንደር ወሰድናትና ሆስፒታል ተኛች። የምታክማት ዶክተር ምስጢር የምትባል፣ የልጅ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። «አባባ፣ ኪኒኑ እስኪሠራ ድረስ አትቆይልንም። በሰመመን አስተኝተን ራሷ ላይ በትንሽ ኮረንቲ የምንሰጠው ሕክምና አለ» አለችኝ። ኮረንቲ ስትል ብድግ አልሁ። «በሬዬን በኮረንቲ የማላስነካ ሰው ልጄን!» ብዬ ጮህሁባት። እሷ አልተቆጣችም። ተኝታ ስለሆነ እንደማያማት፣ ሰውነቷ ጥቂት ተንቀጥቅጦ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ ግን የቅርቡን ነገር ልትረሳ እንደምትችል፣ የረሳችው አንዳንዱ እንደሚመለስ አንዳንዱም እንደሚቀር ነገረችኝ። እኔም ያንኑ ጥያቄ እየመላለስሁ ጠየቅኋት፤ እሷም ያንኑ መለሰችልኝ።

ሰጠኝ የሚባል የጠዳ ሰው እዚያው ሚስቱን ያስታምም ነበርና ሳቀብኝ። «አያ አድማሴ፣ የኔዋ ይኸው ታክማበት ተነሣች። የትናንት ምሳዋን ረስታለች፤ የኔን ጥፋት ግን ከነቀኑ ታውቀዋለች። አይፍሩ» አለኝ። ቀልድ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ግን ሚስቱን አየኋት፤ ፀጉሯን እየተሠራች ትስቃለች። ፈረምሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ ምንም እንዳትቀምስ ብለው ነበር። እኔ ይዤው ከሄድሁት ጠበል አንድ ጉንጭ አጠጣኋት። ጠበል በባዶ ሆድ የሚጠጣ እንጂ ጾም የሚያስገድፍ አይደለምና እንደ መቅመስ አልቆጠርሁትም። ለካ ለእነሱ ውሃ ነው። በሰመመን ውስጥ ሆና ቢያስመልሳት ሳንባዋ ይገባል አሉና የዚያን ቀን ሕክምናው ቀረ። ተከራከርኋቸው። በመጨረሻ ዶክተሯ «ግንባሯን ይቀቧት እንጂ አያጠጧት» አለችኝ፤ በዚህ ተስማማን። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ግንባሯንና ደረቷን ቀብቼ ነው ያስገባኋት። እስክትወጣም በሩ ላይ ቆሜ ዳዊቴን እደግማለሁ።

አንድ ቀን ስትወጣ ዓይኗ ዞሮ አየኝ። «አባ፣ ራበኝ» አለች። የትነበርሽ፣ ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ወሩ! ዳቦ አበላኋት። በልታ ስትጨርስ «እማስ? ምነው ሳትመጣ ቀረች?» አለችኝ።

ረስታዋለች። ሞቷንም፣ ቀብሩንም፣ እናትሽ አዝላ ያዞረቻትንም። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ራሴን ተላጭቼ ፊቷ ተቀምጫለሁ። «አባ፣ ማን ሞቶብን ነው?» አለች። «ስትድኚ እነግርሻለሁ» አልኋት። ዶክተሯም አትዋሿት፣ ሕክምናው ሲያልቅ ሰው ባለበት ንገሯት ብላ ነበር። በዚያው ሰሞን አንቺ ደወልሽ። እሷም እናቷን ስትጠይቅሽ «እማ ደኅና ናት፣ ቤት ሆና እየጠበቀችሽ ነው» አልሻት። ከርኅራኄ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ አበቡ ያን ቃል ይዛ ቀረች። ከሆስፒታሉ ዳቦ ላይ እየቆረሰች ለእናቷ ታስቀምጥ ጀመር።

ሕክምናው አልቆ ቤታችን ድብ ባሕር ስንገባ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ተቀበለን። በማግሥቱ መርዶ እንዲነገራት አስቀድሜ ልኬ ነበርና ተቆጥተው ቆዩኝ። የእናትሽ ጓደኛ ፍቅርተማርያም ወደ ጓሮ ስባ ወስዳ «ምነው አያ አድማሴ፣ ለአንድ ሬሳ ሁለት መርዶ የት ተሰምቶ ያውቃል? አርባዋ ወጥቷል፣ ነፍሷ ዐርፋለች። ሌላ ሞት ሊጠሩብን ነው?» አለችኝ። የነፍስ አባታችን አባ ኪዳነ ማርያም እንኳ እስከ ሙት ዓመቷ እናቆየው አሉ። ከዚያ ፍቅርተማርያም ገብታ ለአበቡ «እናትሽ ደባርቅ እኅቷን ልትጠይቅ ሄዳለች» አለቻት። አበቡ አመነች። የእናቷን መደብ ጠርጋ፣ ቁርበቱን አንጥፋ፣ ያን የደረቀ ዳቦ ራስጌው አስቀምጣ ተኛች። ይህን አይቼ ማንን ልስማ?

ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀስኋት። አብሮኝ የሚያረዳ አንድ ሰው አልነበረም። «አበቡ፣ እናትሽ ሞታለች። ጥር ላይ ነው የቀበርናት» አልኋት። «እኔ የት ነበርሁ?» አለች። «አጠገቧ ነበርሽ» አልኋት። «አለቀስሁላት?» አለች። ብዋሻት እሷን የሚያሟት ሰዎች ነገ ውሃ ስትቀዳ እንደሚነግሯት ዐወቅሁ። «አላለቀስሽም። በሽታው ይዞሽ ነበር» አልኋት። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ «እምዬ!» ብላ ጮኸች።

ሰፈሩ አዲስ ሞት መስሎት ሮጠ። ከሁሉ ቀድማ ደጁ ላይ የደረሰች ፍቅርተማርያም ናት። ልትቆጣኝ አፏን ከፈተች፤ ወደ ውስጥ አየች። አበቡ ደረቷን እየመታች እናቷን ትጠራለች። ፍቅርተማርያም ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እጅጋየሁ፣ ልጅሽ አለቀሰችልሽ» እያለች ሙሾ አወረደች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ተቀመጥሁ።

አሁን ትበላለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ትፈትላለች። የጠፋባት ግን አልተመለሰም። «እማ እንዴት ነበር የያዘችኝ? ንገረኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ። የሌላ ሰው ወሬ እንደሚሰማ ሰው ታዳምጠኛለች፤ ሲያልቅም አመሰግናለሁ ትለኛለች። ይህ ከሞቱ ይልቅ ይከብደኛል። የእናትሽ የመጨረሻ ድካም የሚታወሰው በእኔ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ሽማግሌ ነኝ።

«እማ ደኅና ናት» ካልሻት ወዲህ ልትደውይላት ፈርተሻል አሉኝ። አበቡ አልተቀየመችሽም። አንቺ በሰው ወጥ ቤት አፍሽን በጨርቅ ይዘሽ ብቻሽን አለቀስሽ፤ እሷም ያለ አንቺ አለቀሰች። እናታችሁ ግን አንዲት ናት። ደውይላት። ምክንያት አትደርድሪላት፤ «እማ» ብለሽ ጀምሪ፣ የቀረውን ሁለታችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ከቤት እወጣላችኋለሁ። መሥመሩ ቢቆረጥ ደግመሽ ደውይ።

ምንይችል ጉንጭሽን ይስምሻል። ሚስቱ የወለደቻት ሕፃን ጥርስ አወጣች፤ ዝማሬ አልናት። ፍቅርተማርያም በጸሎቷ እንደምታስብሽ ንገርልኝ ብላለች። አባ ኪዳነ ማርያም እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉሻል። አበቡ ይህን ስጽፍ አጠገቤ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች። ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ስልኩን ከእጄ አልለየውም በላት» አለችኝ።

አባትሽ አድማሴ

ድብ ባሕር፣ ሰኔ ፭ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.